የተሰረዘው ጭረት

ባለ መጋዘኑ በክፍል አራት ውስጥ፣ ከበሩ ስድስት እርምጃ ገባ ብለው፣ በሁለት ረድፍ የፖም ሣጥኖች መካከል በግንባራቸው ተደፍተው ነበር። ደም የለም፤ ቁስል የለም፤ የትግል ምልክት የለም። ቀኝ እጃቸው አንዲት ቀይ ፖም እንደ ጨበጠ ቀርቷል። መርማሪዋ የታመመ ጉልበቷን እየረገመች ጎንበስ አለችና ፖሟን አየቻት። አልተነከሰችም።

ከኋላዋ የቆመው የመጋዘኑ ማሽኒስት ኮፍያውን በሁለት እጁ ያፍተለትላል። አስከሬኑን አራት ሰዓት ተኩል ላይ ያገኘው እሱ ነው። ትልልቆቹ በሮች ተከፍተው ክፍሉ ሦስት ሰዓት ሙሉ ከተናፈሰ በኋላ ነው ፖሊስ መግባት የቻለው።

«ሰው ሣጥን መካከል ቆሞ እንዴት ይሞታል?» አለችው መርማሪዋ።

«አየር አጥቶ ነው። ፖሙ ሳይበላሽ ወራት እንዲቆይ ከክፍሉ ኦክስጅኑን እናስወጣለን። በጤነኛ አየር ውስጥ ኦክስጅኑ ከመቶው ሃያ አንድ ነው። እዚህ ውስጥ ሁለት ነበር። የገባ ሰው አንዴ ሁለቴ ይተነፍስና ጉልበቱ ይከዳዋል። መጮኺያ ጊዜ እንኳ የለውም።»

«እሳቸው ይህን አያውቁም ነበር?»

«እኔን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በሩ ላይ ካለው ስክሪን ቁጥሩን ሳያነቡ እጀታውን አይነኩም ነበር።»

መርማሪዋ ወደ በሩ ዞረች። የደብተር ያህል የምትሆነው ስክሪን ጥቁር ናት። ልትጠይቅ ስትል ከኮሪደሩ ሌላ ድምፅ ቀደማት።

«አንብበዋል እኮ» አለ የሟቹ ልጅ። የመጋዘኑ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ከረባቱ እንኳ አልላላም። «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ በዚህ ሳልፍ እዚሁ ቆመው ነበር። ‹ሃያ አንድ ደርሷል፣ ገብቼ ልቅመሰው› አሉኝ። እኔም በዓይኔ አየሁት፤ ሃያ አንድ ይላል። ቁጥሩን የሚያወጣው እህቴ የሠራችው ፕሮግራም ነው። አባቴን የገደለችው እሷ ናት። ሆን ብላ አልልም፤ በእብሪቷ። የእምነት ቃሏ ወረቀት ተዘጋጅቷል፤ መፈረም ብቻ ነው የቀራት።»

«አባትህ ሳይነሱ ወረቀት አዘጋጀህ?»

«ሥራ የሚጠብቀን ሰዎች ነን።»

መርማሪዋ እንዲህ ያለውን ሰው ገና አፉን ሲከፍት ነው የምትጠላው። ግን በጠላችው ሰው ሁሉ ላይ ክስ ብታቀርብ ኖሮ እስር ቤቱ ሞልቶ ይፈስ ነበር። ስልኳ ጮኸ፤ አለቃዋ ነበር። «የቸልተኝነት ሞት ነው አሉ፤ ልጅቷን ይዘሽ እስከ አሥር ሰዓት ፋይሉን ዝጊው» አላት። ሰዓቷ ስምንት ይላል።

ቢሮው ከክፍል አራት ሠላሳ እርምጃ ይርቃል። ሁለት ጠረጴዛ አለው። በአንዱ ላይ ኮምፒዩተር ተቀምጧል፤ የሌላው ጀርባ እስከ ጣራው ድረስ መዝገብ ተደርድሮበታል። በመዝገቦቹ ፊት የሟቹ እህት ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፤ ፀጉሯ ሸብቷል፣ በጆሮዋ ላይ ቀይ እስክሪብቶ ሰክታለች። የሟቹ ሴት ልጅ፣ የፕሮግራሙ ባለቤት፣ መስኮቱ ሥር ቆማለች። እንባዋ ደርቆ ዓይኗ ብቻ ቀልቷል። አክስትና የወንድም ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው ጀርባ ተሰጣጥተዋል።

«ተቀመጪ» አለች አክስትየዋ መርማሪዋን። «እዚያ ላይ አይደለም። እሱ የወንድሜ ወንበር ነው።»

መርማሪዋ ቆማ ቀረች። የቃል መቀበያ ቅጿን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ጥያቄ ጀመረች።

«ጠዋት የት ነበሩ?»

«የት እሆናለሁ? እዚህ። ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ ነኝ። የአራቱን ክፍሎች አየር በቀን ሁለት ጊዜ እየለካሁ በእጄ የጻፍኩ ሰው ነኝ። አንድ ስህተት አታገኚበትም። ከዚያ ይቺ ከትምህርት ቤት መጣችና በሽቦና በቱቦ ተካችኝ።» እያወራች ቅጹን ወደ ራሷ ሳበችው፤ ቀዩን እስክሪብቶ ከጆሮዋ አወረደች። «‹ቀን› የሚለውን ሁለት ጊዜ ጽፈሽዋል። አንዱ ይበቃል።» ሰረዘችውና መለሰችላት።

«የፖሊስ ሰነድ ነው፣ እትዬ።»

«ስህተት የማንም ቢሆን ስህተት ነው።»

«ወንድምዎ ስለ ሥራዎ ምን ይሉ ነበር?»

የአክስትየዋ ከንፈር ጠበበ። «ከሰኞ ጀምሮ መዝገብ አያስፈልግም አለኝ። ‹ዕረፊ› አለኝ። የምኖርበትን የጓሮ ቤትም ለሷ ሊሰጣት ነበር። እኔን አገር ቤት ወዳለችው እህታችን፣ እንደ አሮጌ ሣጥን።»

«ማንም እንደ ሣጥን አላየሽም፣ አክስቴ» አለች ልጅቷ ሳትዞር።

«አንቺ ዝም በይ። አባትሽን ገድለሽ አታባብይኝ።»

ከመርማሪዋ ኋላ የገባው የልጅቷ ወንድም ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጠና የፕሮግራሙን ፋይል ከፈተ። «ይኸው፤ ፓይተን በሚባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ የተጻፈ ነው። ቁጥሩ ከአምስት በታች ከሆነ ሃያ አንድ አሳይ የሚል መስመር አለበት። አዩት?»

«የሙከራ መስመር ነው» አለች እህቱ። «ስክሪኑን ስገጥም የተጠቀምኩበት ነው። ያኔውኑ አውጥቼዋለሁ።»

«አላወጣሽውም፤ ይኸው ተቀምጧል።»

«ይህ ፋይል መቼ ነው የተነካው?» ጠየቀች መርማሪዋ።

ወንድምየው ትንሽ ተቅለሰለሰ። «አምስት ሰዓት ላይ እኔ ከፍቼ አየሁት። ስዘጋው ይቀመጥ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ አዎ አልኩት፤ አሁን አምስት ሰዓት ነው የሚለው።»

«ስለዚህ ከአንተ በፊት መቼ እንደ ተነካ አሁን አይታወቅም። እግዜር ይስጥህ» አለችው። ስድብ አስመስላ ነው ያለችው፤ እሱም እንደ ስድብ ነው የተቀበለው። ከዚያ ደብተሯን አውጥታ ፕሮግራሙን ከላይ እስከ ታች፣ ያልገባትንም ነጥብና ጭረት ሳይቀር፣ እንደ ተማሪ ገለበጠች። አሥራ ዘጠኝ መስመር ነው። ሁለተኛው መስመር ላይ እንዲህ የሚል አለ፦

"D:\air\new\today.txt"

ቀጥሎ ማሽኒስቱን ከቢሮው ጀርባ ወዳለችው ጠባብ ክፍል ወሰደችው። እዚያ ግድግዳው ላይ አንድ ሣጥን ተሰቅሏል። ከክፍል አራት ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ መጥቶ ሣጥኑ አፍ ላይ ይሰካል።

«መለኪያው ይህ ነው» አለ ማሽኒስቱ። «በቱቦው የክፍሉን አየር ይስባል፤ ቁጥሩን ለኮምፒዩተሩ ይልካል፤ ፕሮግራሙ በሩ ላይ ያሳያል። ድሮ በእጅ ይለኩ የነበሩት አክስትየዋ ናቸው።»

መርማሪዋ መነጽሯን አደረገች። ቱቦው በአቧራ ቢጫ ሆኗል። ሣጥኑ አፍ አጠገብ ግን የጣት ጥፍር የምታህል ነጭ ንጹህ ቀለበት ትታያለች፤ ለወራት ሣጥኑ ውስጥ ተሰክቶ የነበረ፣ አሁን ግን እስከ ቦታው ድረስ ያልገባ ጫፍ ነው።

«ክፍል አራት ዛሬ ሊከፈት አልነበረም እንዴ?»

«ነበር። ትናንት ማታ አየር ማስገቢያውን ከፍቼ ላድር ነበር። ትናንት ከሰዓት በኋላ ግን ይህ መጣልኝ።» ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። በመኪና የተጻፈ፣ ማህተም ያለበት ነው፤ የክፍል አራት መከፈት ወደ ሐሙስ ተላልፏል ይላል። «ትእዛዝ ሁሉ የሚመጣልኝ እንዲህ ነው። እሳቸው እንዳልተነገራቸው በምን ልወቅ?»

«ማህተሙ የት ይቀመጣል?»

«ቢሮው ውስጥ። ቁልፉ በሦስቱ እጅ ነው፤ በልጆቹና በአክስትየዋ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ አስበህ መልስልኝ። አስከሬኑን ስታገኝ ስክሪኑ ስንት ይል ነበር?»

«በበሩ መስታወት እግራቸውን አየሁ። ወዲያው ሮጬ የኮሪደሩን መብራት ከቆጣሪው አጠፋሁ፤ ኦክስጅን የሚያስወጣው ማሽን እንዲቆም ብዬ...»

«ከማጥፋትህ በፊት ነው የምልህ።»

ማሽኒስቱ አሰበ። «ምንም አይልም ነበር። ጥቁር ነበር። አንዳንዴ ይተኛል፤ ልብ አላልኩትም።»

መርማሪዋ ይህን ስትሰማ ጉልበቷ እንኳ መታመሙን የረሳው መሰላት።

ልጅቷን ለብቻዋ በሣጥን ማራገፊያው በኩል ወዳለ አግዳሚ ወንበር ጠራቻት፤ ወረቀትና እርሳስ ሰጠቻት። ኮምፒዩተሩን እንዳትነካ ተከልክላለች።

«ፕሮግራምሽን ከጭንቅላትሽ ጻፊልኝ።»

«ምን ይጠቅማል? ሁሉም ፈርዶብኛል። እርስዎም ሰዓትዎን ነው የሚያዩት።»

«ሰዓቴን የማየው ስለሚያንሰኝ ነው። ጻፊ።»

ልጅቷ ጥርሷን ነክሳ ጻፈች። አሥራ ስምንት መስመር ሆነ። መርማሪዋ ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አድርጋ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ሁለተኛው መስመር ላይ ጣቷ ቆመ። ልጅቷ የጻፈችው እንዲህ ነበር፦

"D:\\air\\new\\today.txt"

«ይህ ወደ ኋላ የተጋደመው ጭረት ምንድን ነው?»

«ባክስላሽ ይባላል። የዕለቱ ቁጥር የሚመዘገብበት ፋይል አድራሻ ነው፤ አንዱን ፎልደር ከሌላው ይለያል።»

«ለምን ሁለት ሁለት አደረግሽው?»

«በፓይተን አንዱ ብቻውን ጭረት አይደለማ። ለሚቀጥለው ፊደል የተሰጠ ትእዛዝ ነው። ኤን ከተከተለው አዲስ መስመር ጀምር ማለት ይሆናል። ቲ ከሆነ ሰፊ ክፍተት። ኤ ከሆነ ደወል ደውል። እነዚህ ነገሮች በፊደል ሊጻፉ ስለማይችሉ ነው እንዲያ የተደረገው። ጭረቱን ራሱን ከፈለጉ ሁለት ይጽፋሉ፤ ኮምፒዩተሩ እንደ አንድ ይቆጥረዋል።»

«አንድ ብቻ ቢጻፍስ?»

«አድራሻው መሃሉ ላይ ደወልና አዲስ መስመር ገብቶበት ይበጣጠሳል። እንዲህ ያለ ፋይል የለም ብሎ ፕሮግራሙ እዚያው ይቆማል። ከሥሩ ያለው ሁሉ አይሠራም። ፕሮግራሙን አንዴ አስነስቶ ያየ ጀማሪ እንኳ ይህን አይሳሳትም።»

«ያኔ በሩ ላይ ምን ይታያል?»

«ምንም። ጥቁር።» ልጅቷ ቀና አለች። «ለምን ጠየቁኝ?»

መርማሪዋ ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተች። «ይህን ጽሑፍሽን ሌላ ሰው አይቶት ያውቃል?»

«ስጀምር አንድ ቅጂ አትሜ ከነማብራሪያው ለአክስቴ ሰጥቻት ነበር። የሙከራ መስመሩም አለበት። ጠዋት ጠዋት ፕሮግራሙን የምታስነሳው እሷ ናት። በነጋታው ወረቀቱን በቀይ አበላሽታ መለሰችልኝ። ምን እንደሰረዘች እንኳ አላየሁም። በሠራተኛ ፊት ‹የማታውቂውን አትንኪ› ብዬ ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ከዚያ ወዲህ ሰላምታም የለንም።»

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ መርማሪዋ የልጅቷን ጽሑፍ ፎቶ ኮፒ አስደርጋ ለሦስቱ፣ ለወንድምየው፣ ለማሽኒስቱና ለአክስትየዋ ሰጠች። እያንዳንዳቸው ለፋይል የሚሆን አንድ አንድ ቅጂ ተራ በተራ በኮምፒዩተሩ እንዲጽፉ አዘዘች። ወንድምየው ተሳደበ። ማሽኒስቱ በሁለት ጣቱ እየለቀመ ጻፈ። አክስትየዋ ከሁሉም ፈጥና ጨረሰች። መርማሪዋ ሦስቱን ወረቀቶች አየች፤ ከዚያ አብሯት ለመጣው ራሰ በራ ፖሊስ በጆሮው አንድ ነገር ነግራ ወደ መዝገቦቹ ላከችው።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው ሁሉንም ቢሮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ማሽኒስቱን ብቻ የኮሪደሩን መብራት አብርቶ ክፍል አራት በር ላይ እንዲቆም አደረገችው።

«መጀመሪያ ትፈርም» አለ ወንድምየው ወረቀቱን ወደ እህቱ እየገፋ።

«መጀመሪያ ትቀመጣለህ» አለችው መርማሪዋ። «ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ስክሪኑ ሃያ አንድ ይል እንደነበር የመሰከርከው አንተ ነህ። አምንሃለሁ። አባትህም እሱን አይተው ገቡ። ታዲያ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ መብራት ሳይጠፋ፣ ስክሪኑ ጥቁር ነበር። ለምን?»

መርማሪዋ ወደ ኮምፒዩተሩ ሄደች። «አሁን እህትህን የከሰስክበትን ይህን ፕሮግራም አስነሳዋለሁ።» ተጫነችው። ጥቁር መስኮት ብልጭ ብሎ ጠፋ። «ማሽኒስት፣ ስንት ይላል?»

«ምንም አይልም» የሚል ድምፅ ከኮሪደሩ ጫፍ መጣ። «ጥቁር ነው።»

«ደግሜ ላስነሳው። አሁንስ?»

«ጥቁር።»

«ይህ ፕሮግራም ሃያ አንድ ብሎ ማንንም ሊያታልል አይችልም፤ ምክንያቱም ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ይሞታል። አድራሻው ውስጥ ያሉት ጭረቶች ነጠላ ናቸው። ስለዚህ ሟቹን ያስገባው ሌላ ፕሮግራም ነው፤ ይህ በቦታው የተቀመጠው እሳቸው ከገቡ በኋላ ነው። ሌላኛውማ የልጅቷ ትክክለኛው ፕሮግራም ነበር። አልዋሸም። የደረሰው አየር በእውነት ሃያ አንድ ነበር፤ የዚህች የጀርባ ክፍል አየር። አንድ ሰው ቱቦውን ከመለኪያው ነቅሎት ነበር። መሣሪያ አያስፈልገውም፤ ሁለት ጣት ይበቃል። ሟቹ ከገቡ በኋላ መልሶ ሰካው፤ ግን እስከ ቦታው አልገፋውም።»

ወንድምየው ፊቱ ገረጣ። ልጅቷ የወንበሩን ክንድ ጨብጣለች።

«ያው ሰው ትናንት ለማሽኒስቱ የይቆይ ትእዛዝ ጻፈ። ሟቹ ግን ክፍሉ ሲናፈስ ያደረ መስሏቸዋል። ከዚያ ጥፋቱ በልጅቷ እንዲሳበብ የዕለቱን መዝገብ ፋይል አጠፋ፤ የሙከራ መስመሩን ጨመረ። ይህን ብቻ አድርጎ ቢሆን ኖሮ ልጅቷ አልቆላት ነበር። ግን እጁ አላስቻለውም። በመንገዱ ላይ ያገኛቸውን ድርብ ጭረቶችም አጸዳቸው።»

ሦስቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «ሥራ አስኪያጁ ግማሹን ዘሎታል፤ ጭረቶቹን ግን እንዳሉ ጽፏል። ማሽኒስቱ ሁሉንም እንዳለ ጽፏል። እርስዎ ብቻ፣ እትዬ፣ አንድ አንድ አድርገዋል።»

«ሁለት ጊዜ ተጽፎ ነበር» አለች አክስትየዋ። «ስህተት ነበር።»

«የእኔ ቅጽ ላይም ስህተት ነበር፤ ያኔ ተጠራጠርኩ። ይህ ግን ልማድ ነው፤ ልማድ ደግሞ ማስረጃ አይደለም።» ራሰ በራው ፖሊስ ከመዝገቦቹ መካከል የተገኘ ፎልደር ሰጣት። ከውስጡ የተጨማደደና ተስተካክሎ የተተኮሰ አንድ ገጽ አወጣች። «ይህን ከቅርጫት አንስተው ነው ያስቀመጡት። ድርብ ጭረት ባለበት ሁሉ ሁለተኛው በቀይ ተሰርዟል። የሙከራ መስመሩ ዳር ደግሞ በእጅዎ ‹እዚህ ይገባል› ይላል፤ ከሥሩም የትናንት ቀን አለ። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ቀን ሳይጽፉበት ያስቀመጡት ወረቀት የለም።»

መርማሪዋ ገጹን አክስትየዋ ፊት አኖረችው።

«ፕሮግራሙን እንደገና አስነስተው ሃያ አንድ ማለቱን ለምን ሄደው አላዩም? ሠላሳ እርምጃ ነው።»

አክስትየዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቷን ደፋች። «መስታወት አለው በሩ» አለች። «እዚያ ሄጄ እሱን በመስታወት ላየው ነው?» ከዚያ ወዲያው ቀና ብላ የወንድሟን ልጅ አየቻት፤ ዓይኗ ውስጥ ጥላቻው እንዳለ ነው። «ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ሰው አልሞተብኝም። አንድም። አንቺ ግን ወረቀቴን ቅርጫት ጣልሽው።»

«አባቴን ገደልሽው» አለች ልጅቷ። «በእኔ ተናደሽ እሱን ገደልሽው። ያን ቀን ሁለት ደቂቃ ታግሼ አስረድቼሽ ቢሆን...»

«አስረድተሻት ቢሆን» አለች መርማሪዋ፣ ማጽናናት አታውቅበትምና እንደ ወረደ፣ «እሷ ጭረቶቹን አትነካም ነበር፤ ፕሮግራሙ ይሠራ ነበር፤ አንቺም አሁን እዚያ ወረቀት ላይ ትፈርሚ ነበር።»

የልጅቷ ወንድም የእምነት ቃሉን ወረቀት ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ሊስበው ሲል እሷ ቀድማ ያዘችውና አራት ቦታ ቀደደችው። ይቅርታ አልጠየቃትም፤ እሷም አልጠበቀችም።

ከዚያ ወደ ኮምፒዩተሩ ሄደች። መርማሪዋ አላገደቻትም። ልጅቷ የሙከራ መስመሩን አጠፋች፤ የጎደሉትን ጭረቶች አንድ በአንድ መለሰች፤ አስነሳችው።

«ሃያ አንድ ይላል» አለ ማሽኒስቱ ከኮሪደሩ። «አሁን ሃያ አንድ ይላል።»

አሥር ሰዓት ሆነ። ፖሊሱ የአክስትየዋን ቃል ጽፎ እንድትፈርም ፊቷ አኖረላት። አንድም ቃል ሳትዘል አነበበችው። ሦስተኛው መስመር ላይ ስትደርስ እጇ በልማድ ወደ ጆሮዋ ሄዶ ቀዩን እስክሪብቶ አወረደ፤ ፖሊሱ ‹ወንድሜን› የሚለውን ሁለት ጊዜ ጽፎታል። ጫፉን ወረቀቱ ላይ አስጠግታ ቆየች።

«ይህ ሁለተኛው ለአንድ ነገር ያስፈልጋል?» አለች፤ ጥያቄው ለፖሊሱ አልነበረም።

የወንድሟ ልጅ ከኮምፒዩተሩ ሳትዞር፣ «አያስፈልግም» አለች።

አክስትየዋ ግን አልሰረዘችውም። እንዳለ ትታው ፈረመች።